በእጃቸው ጀርባ የሚነኩት ሰው

ጋሽ ቴርን ባለፈው ማክሰኞ ቀበርናቸው። ሳጥኑ ወደ ጉድጓዱ ሲወርድ አንድ ቀልድ ምላሴ ጫፍ ላይ መጥቶ ቆመ፦ ዕድሜያቸውን ሙሉ «ከመሬት ጋር አገናኙት! ከመሬት ጋር አገናኙት!» እያሉ ሲለምኑ የኖሩ ሰው፣ ይኸው በመጨረሻ ራሳቸው ተገናኙ። ጥሩ ቀልድ ነው። ሌላ ጊዜ ቢሆን ካህኑ ፍትሐቱን ሳይጨርሱ ጎኔ ላለው ሹክ እለው ነበር፤ እሱም ለሚቀጥለው፤ ለቀስተኛው ሁሉ ሳቁን ሲያፍን ትከሻው እየተንቀጠቀጠ፣ ለሚያይ አምርሮ ያለቀሰ ይመስል ነበር። ዋጥኩት። በሃምሳ ዓመቴ የዋጥኩት የመጀመሪያ ቀልድ ነው፤ እስካሁን አልወረደልኝም።

«ለቀስተኛው ሁሉ» ስል ደግሞ እንደ ልማዴ እያጋነንኩ ነው። ዘጠኝ ሰው ነበርን። እኔ የወደቡ አይጥ በግ ያህላል ብዬ የማልኩ፣ ያመኑኝም ያሉ ሰው ነኝ፤ ዘጠኙን ግን ምንም ባደርጋቸው አሥር አልሆን አሉኝ። ጂቡቲ ያለው ሐበሻ ቀብር የሚቀር ሕዝብ አይደለም። ከመርከብ ወድቆ ለሞተ፣ ስሙ ለማይታወቅ መንገደኛ እንኳ ሱቁን ዘግቶ ይወጣል። ከዘጠኙ አንዱ ሐጂ ዩሱፍ ነበሩ፤ የሐረር ሰው፣ የቅመም ነጋዴ፤ ከአጥሩ ውጭ ፀሐይ ላይ ቆመው እስኪያልቅ ጠበቁ። የቀሩት ለምን እንዳልመጡ አውቃለሁ። ፈርተው ነው። ያስፈራኋቸውም እኔ ነኝ።

ስማቸው መኩሪያ ነው። «ቴር» ያልኳቸው እኔው ነኝ፤ ይህን ከተማ ግማሹን ዳግም ያጠመቅሁት እኔ ነኝና። ቴር በፈረንሳይኛ መሬት ማለት ነው። እዚህ አገር የመብራት ሠራተኛ ሁሉ፣ አፋሩም ሶማሌውም ሐበሻውም፣ አፈትልኮ የወጣን ኃይል ወደ መሬት የሚወስደውን ሽቦ በዚሁ ስም ይጠራዋል። ሌላው ሠራተኛ ሰው ቤት ሲገባ በዚህ ሙቀት መጀመሪያ የሚጠይቀው ቀዝቃዛ ውሃ ነው። እሳቸው ገና ከደጃፍ፣ «ቴር አላችሁ?» ይላሉ። የለንም ካሏቸው ውሃውንም አይጠጡም።

አባታቸው በባቡሩ ዘመን ሐዲድ ተከትለው ድሬዳዋ የገቡ ሰው ነበሩ። እሳቸው ሙያውን እዚያው ባቡር ጋራዥ ተምረው እዚህ መጡና አረጁ። ካርቲየ ሰባት ቢስ የሚባል ሰፈር ውስጥ አንድ ክፍል ነበረቻቸው። ሚስታቸው ከሞቱ ቆይተዋል፤ ልጅ የላቸውም። የሥራ ዕቃቸውን በወተት ዱቄት ቆርቆሮ ነበር የሚይዙት፦ አንድ ፒንሳ፣ እጀታው በናስትሮ የተጠቀለለ ካቻቢቴ፣ ጥቂት ብሎን፣ ቁራጭ ሽቦ። ሚኒባስ ውስጥ ቆርቆሮውን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ሲሄዱ ለልጅ ልጃቸው ወተት የሚወስዱ ሽማግሌ ይመስሉ ነበር።

እጃቸውን ግን ማንም አይረሳውም። ምንም ነገር ቢሆን በመዳፋቸው አይነኩም፤ የእጃቸው ጀርባ ይቀድማል። የፍሪጅ በር ይሁን፣ የሚኒባስ ብረት፣ ከዘይት የወጣ ሳምቡሳ፣ ያተኮሰው ሕፃን ግንባር። ከእንግዳ ሰው ጋር ሲያስተዋውቋቸው እንኳ መጀመሪያ የእጃቸውን ጀርባ ጠጋ ያደርጉና፣ ሰውዬው እንደማይነዝር ሲያረጋግጡ ነው መዳፋቸው የሚከተለው።

«መዳፍ ሞኝ ነው» ይሉኝ ነበር። «ኤሌክትሪክ ሲይዘው ይጨብጣል። ጀርባው ግን ይሸሻል።»

«እኔ የማውቀው ሚስት እንደዚህ ስትሸሽ ነው ጋሽ ቴር።»

«አንተ ቀልድ። ቀልድና ቅዘን ቤት ያጠፋል ይላሉ አባቶች። የትኛው ቀድሞ እንደሚያጠፋህ እናያለን።»

የኤሌክትሪክ መኪና ወደቡ ላይ እንደ አንበጣ መውረድ ሲጀምር አብዛኛው ወደ አገር ቤት ያልፋል፤ ጥቂቱ እዚሁ ይቀራል። እኔ ትራንዚተር ነኝ፤ የሰው ዕቃ ከወደብ አስፈቅጄ ማውጣት ነው ሥራዬ። ደንበኛ «ይሄ ነገር በምን ይሞላል?» ሲለኝ፣ «እንደ ስልክ ነው፤ ሰክተህ ትረሳዋለህ» እለው ነበር። አንድ ቀን ይህን ስል ጋሽ ቴር ሰሙኝ።

«ምን አልከው? እንደ ስልክ?»

«ታዲያ አይደለም?»

«ስልክ ይቀምሳል። መኪና ስምንት ሰዓት ሙሉ ሳይተነፍስ ይጠጣል። የሻይ ማፍያ በምትሰካበት ሶኬት ላይ በረሃ አቋርጦ የመጣ ግመል ታስርበታለህ?»

ከዚያ ወዲያ መኪና የገዛውን ሁሉ ወደሳቸው እልክ ነበር፤ ይህቺን ጽድቄን ይመዝግቡልኝ። ሥራቸው ደግሞ የሚያስቅ ነበር። ለመኪናው ብቻ የሆነ ወፍራም ሽቦ ከቆጣሪው ይስባሉ። ከኤሲ ጋር አይጋራም፣ ከፍሪጅ ጋር አይጋራም፣ ማራዘሚያ የሚባል ነገር በፊታቸው አይጠራም። ጨርሰውም አይሄዱም። መኪናው አንድ ሰዓት ሙሉ እየሞላ ከሶኬቱ አጠገብ ወንበር ስበው ይቀመጣሉ፤ ከዚያ የቤቱን እመቤት ይጠራሉ።

«ነይ እስቲ እጅሽን። በጀርባው። ሽፋኑ ላይ አድርጊና አባታችን ሆይን ድገሚ። እንዳትሮጪ ታዲያ።»

እስከ አሜን ካስቻላት ሶኬቱ ጤነኛ ነው። መሐል ላይ ካቃጠላት አንድ ቦታ ብሎን ላልቷል፣ ወይ ሽቦው አቅም አጥቷል፤ ወዲያው ይጠፋል፣ እሳቸው ይጠራሉ። ይህን በየሳምንቱ እንድታደርግ ያስምሏታል። ሙስሊም ቤት ከሆነ ፋቲሃ ነው። «ቴርሞሜትር ሁሉም ቤት የለም» ይላሉ። «ጸሎት የሌለው ቤት ግን አላየሁም።» ሐጂ ዩሱፍ እስከ ዛሬ ዓርብ ዓርብ ከጁምዓ መልስ እጃቸውን ሶኬቱ ላይ አድርገው ፋቲሃቸውን ይቀራሉ።

እትዬ ውዴ ሆዳን የሚባል ሰፈር ውስጥ አዲስ ቤት የሠራች የጨርቅና የሽቶ ነጋዴ ናት። ዕቃዋን ሁሉ የማወጣላት እኔ ነኝ፤ መኪናዋንም ያወጣሁላት እኔ ነኝ፤ ጋሽ ቴርንም ያመጣሁላት እኔ ነኝ። በዚያ ቀን ግቢዋ ውስጥ ቆሜ ሁሉን ነገር ተመልክቻለሁ።

ሆዳን ድንጋይ ነው። ታች ከተማ ቢሆን ባሕሩ አፈሩን ስለሚያረጥበው የመዳብ ዘንግ ብትተክል ይበቃል። ሆዳን ላይ ግን ጋሽ ቴር ግማሽ ቀን ቆፈሩ፤ ዘንጉን አቁመው ዙሪያውን ከሰል ሞሉበት፣ ከሰሉ ላይ ጨው፣ ጨው ላይ ውሃ።

«ይሄ ሁሉ ጨው ለምንድን ነው ጋሽ መኩሪያ?» አለች እትዬ ውዴ። «ግቢዬን ቋንጣ ልታደርጉት ነው?»

«ደረቅ መሬት ኃይል አይቀበልም ልጄ። እርጥበት ይፈልጋል። ከሰሉ እርጥበት ይይዛል፣ ጨው መንገድ ይከፍታል። በየአሥራ አምስት ቀኑ አንድ ባልዲ አጠጪው።»

«ምን ያበቅላል?»

«ያንቺን ዕድሜ።»

ከዚያ አንድ ሰዓቱ፣ ከዚያ የእጅ ጀርባው፣ ከዚያ አባታችን ሆይ። እትዬ ውዴ እስከ አሜን ደረሰች። ሳቀች፤ እጃቸውንም ሳመች። ሲወጡ ወደኔ ዞር ብለው፣ «አየህ? ይሄ መብራት የአገራችን ልጅ ነው፤ በሽቦ ተሰዶ ነው እዚህ የደረሰው። ወደ ቤቱ መመለሻ ካላሳየኸው በሰው ውስጥ ያልፋል» አሉኝ።

ከሰዓት በኋላ በርጫ ላይ ተቀመጥን። አንድ ክፍል ሙሉ ሰው፣ ኤሲው በሙሉ ኃይሉ እየነፋ፣ ሁሉም አፌን ይጠብቃል። ምን ላድርግ? ጀመርኩላቸው። ጋሽ ቴር የእትዬ ውዴን ግቢ ቆፍረው ከሰልና ጨው እንደቀበሩ፤ ዘንጉን ሲያወርዱ አንድ የማይታወቅ ቋንቋ እንዳነበነቡ፤ ሶኬቱ ላይ እጃቸውን ጭነው ሲደግሙበት መኪናዋ ደጅ ቆማ በግዕዝ «አሜን» እንዳለች፤ የፊት መብራቷም ሦስቴ ብልጭ፣ ሦስቴ ድርግም እንዳለ። አንዱ ሰው እየሳቀ ጫቱ ትን ብሎት ውሃ አጠጥተውታል። ከዚያ በኋላ «ደብተራው» አልኳቸው። ተሳክቶልኝ ነበር፤ እውነት ለመናገር በሕይወቴ ካወራሁት ሁሉ እንደሱ የሠራልኝ የለም።

ያ ቀልድ ከእኔ አፍ በሳቅ ወጣ። ባልባላ ደረሰ፣ ሰባት ቢስ ደረሰ፣ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ደረሰ። ከሳምንታት በኋላ ሳቁን አንዱ ሰፈር ጥሎ ብቻውን ወደ ሆዳን ተመለሰ።

እትዬ ውዴን ያኔ ነገር አልሆን ብሏት ነበር። ጨርቋ ወደብ ላይ ቆሟል፣ ደንበኛ ሸሽቷል፣ ወገቧን ያማታል። ባልባላ ያለችው እህቷ መጣችና፣ «ግቢሽን አስቆፍሪ» አለቻት። «መተት ተቀብሮብሻል። አገር ሁሉ ያውቃል፣ አንቺ ብቻ ነሽ ያልሰማሽው።» አስቆፈሩ። እውነትም ከሰል ወጣ፣ ጨው ወጣ፣ አረንጓዴ ሻጋታ የያዘ ዘንግ ወጣ። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ አለ? ጠበል ተረጨበት፤ ዘንጉ በጨርቅ ተጠቅልሎ ሄዶ ባሕር ውስጥ ተወረወረ። ጉድጓዱ በሲሚንቶ ተደፈነ።

በማግስቱ መኪናዋ አልሞላም አለች። የቻርጀሯ ሳጥን ቴር ስታጣ ቀይ መብራት ታበራለች፤ አበራች። እትዬ ውዴ ደወለችልኝ። ያን ቀን፣ «እትዬ ውዴ፣ ያወጣሽው መተት ሳይሆን መሬትሽን ነው፤ ወሬውም የኔ ቀልድ ነው» ማለት ነበረብኝ። እኔ ግን ሳቄን ይዤ ስልኩን ዘጋሁት። ዘንጉን ባሕር ጣሉት የሚለው ታሪክ እኮ ለበርጫው ሌላ ሳምንት የሚበቃ ስንቅ ነበር።

እሷ ሌላ ሠራተኛ አስመጣች። ሥራ ሁሉ በአምስት ደቂቃ አልቆለት ስለሚሄድ «ሳንክ ሚኑት» ያልኩት ነው፤ በፈረንሳይኛ ያው አምስት ደቂቃ። «እሱ የነካውን ሶኬት አልፈልግም» አለችው። በረንዳው ላይ ኤሲ የተሰካበትን አሮጌ ሶኬት ከፈተ፤ ኃይሉ የሚመለስበትን ሽቦና የቴሩን ጆሮ በአንዲት ቁራጭ ሽቦ አሰራቸው፤ ዘጋው። ሳጥኗ ተታለለች። ቴር ያገኘች መስሏት አረንጓዴ አበራች። «አያችሁ?» አለች እትዬ ውዴ፤ «ያለ ጨው፣ ያለ ከሰል!» ግቢው በጨርቅ ጥቅል ስለተሞላ መኪናዋ መንገድ ላይ ቆማ፣ ገመዱ በበሩ ሥር ወጥቶ ይሞላት ጀመር።

ከዚያ ኸምሲን ነፋሱ መጣ። በዚያ ወር ጂቡቲ ላይ ጥላ ራሱ ጥላ ፈልጎ ይሮጣል። የሰፈሩ ፍየሎች ከመኪና ሥር ነው የሚውሉት፤ ከኤሲ የሚንጠባጠበውን ውሃ ይልሳሉ። አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ አንዷ ፍየል የኤሲው ውሃ በሠራው ኩሬ ውስጥ ቆማ የእትዬ ውዴን መኪና በአፍንጫዋ ነካች። ነካች፣ ወደቀች፣ አለቀ። ሰው ተሰብስቦ መኪናዋን በእንጨት ነካካት፤ ምንም የለም። አመሻሹ ላይ ሳንክ ሚኑት መጥቶ በመፈተሻው አያት፤ ምንም የለም። «ሙቀት ነው የገደላት» አለ።

ሰፈሩ ግን ሌላ ምክንያት ነበረው። ሽማግሌው መተቱን ስላወጡበት ተቆጥቶ ደም ፈለገ።

ጋሽ ቴር የፍየሏን ነገር የሰሙት ከኔ ነው፤ ያሥቃቸዋል ብዬ ነገርኳቸው። አልሳቁም። ማን እንደሠራው ጠየቁኝ። ሳንክ ሚኑት ራሱ የፎከረልኝን የቁራጭ ሽቦ ነገር ነገርኳቸው። ቆርቆሯቸውን አንስተው ተነሡ። በዚያ ፀሐይ አብሬያቸው ሄድኩ። እሳቸው መኪናዋ አጠገብ ደረቅ ድንጋይ ላይ ቆሙና እጃቸውን ዘረጉ። በጀርባው።

ክንዳቸው ተመልሶ የገዛ ደረታቸውን መታው። ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ተንደርድረው ግድግዳው ያዛቸው። ከንፈራቸው ነጭ ሆኗል።

«በመዳፌ ቢሆን» አሉኝ ቀስ ብለው፣ «አሁን ከአንተ ጋር አላወራም።»

«ማታ እኮ ፈትሸውት ደህና ነው ተባለ።»

«ማታ ደህና ነው። ያ ሶኬት ኤሲውንም መኪናውንም ተሸክሞ ቀን ሲግል መመለሻው ሽቦ ይላቀቃል። መመለሻ ያጣ ኃይል በዚያች ቁራጭ ሽቦ ዞሮ መኪናዋ ቆርቆሮ ላይ ይወጣል። ሲቀዘቅዝ ሽቦው ይገጥማል፣ ሁሉም ሰላም ይሆናል። እስከ ነገ ቀትር።» ወደ መንገዱ አዩ። ልጆች ከትምህርት ቤት እየተመለሱ ነበር። «ነገ ፍየል አይሆንም።»

በሩን አንኳኩ። የእትዬ ውዴ ድምፅ ከውስጥ መጣ፦ «ማነው?»

«መኩሪያ ነኝ ልጄ። ሶኬቱን አንድ ጊዜ ልየው፤ አልነካም፣ ልየው ብቻ።»

«በስመ አብ! ከደጄ ሂዱልኝ! ፍየሏ አልበቃዎትም?»

«መብራት ኃይል ብንጠራስ?» አልኳቸው።

«ከቆጣሪው ወዲያ የቤቱ ባለቤት ጉዳይ ነው። እሷ ካልከፈተች ማንም አይገባም። ላንተ ግን ትከፍታለች።» ክንዴን ያዙኝ፤ ሳይፈትሹ፣ በመዳፋቸው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ። «ግርማ፤ ደብተራ ያልከኝ አንተ መሆንህን አውቃለሁ። ሲጀመር ነው የሰማሁት። ቅር አላለኝም፣ ሳቅ ነው ብዬ ነው። አሁን ግባና ቀልድ ነበር በላት። ሌላ አልፈልግም። ወይም ዋናውን ማጥፊያ አውርደው።»

«እሺ ጋሽ ቴር።»

ገባሁ። ሳሎኑ በእንግዳ ተሞልቷል፣ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ዋናው ማጥፊያ ከበሩ ጀርባ፣ ከእጄ አንድ ክንድ ርቀት ላይ ነበር። እትዬ ውዴ አየችኝና አጨበጨበች።

«መጣ! ግርሜ መጣ! የፍየሏን ነገር እሱ ይንገራችሁ!»

ሃያ ዓይን ወደኔ ዞረ። እኔ ይህን ዓይን አውቀዋለሁ፤ ዕድሜዬን ሙሉ የተመገብኩት እሱን ነው። ቀልድ ነበር ብል ዘንጉም፣ ፍየሏም፣ የእትዬ ውዴ ውርደትም ራሴ ላይ ሊወርድ ነው፤ ሥራዬም አብሮ ሊሄድ። አፌን ከፈትኩ።

«እትዬ ውዴ፣ መኪናሽ ቤንዚን የማትነካ መናኝ ናት ስንል፣ ለካ ጾም ፈታለች!»

ሳሎኑ በሳቅ ፈረሰ። የባልባላዋ እህት መሬት ላይ ተቀመጠች። ጭማቂ ቀረበልኝ፤ ጠጣሁ፤ ሌላም ጨመርኩላቸው። ስወጣ ጋሽ ቴር ፀሐይ ላይ እንደቆሙ ናቸው።

«ነገርካት?»

«ነገርኳት።»

«ምን አለች?»

«ታስብበታለች።»

«ሲስቁ ሰማሁ።»

«ያው፣ ቀልድ ነበር ስላቸው እኮ ነው የሳቁት።»

ይህቺን ውሸት ስፈጥር ዓይኔን አላሸሸሁም። ጥሩ ተዋናይ ነኝ። እሳቸውም ራሳቸውን ነቀነቁ፤ አንድ የካርቶን ቁራጭ ከመንገድ አንስተው አጥሩ ሥር አነጠፉና ተቀመጡ።

«እስክታስብ እዚህ ነኝ።»

ሦስት ቀን። ማታ ማታ ሰባት ቢስ ሄደው ያድራሉ፤ ሶኬቱ መጋል በሚጀምርበት ሰዓት ካርቶናቸው ላይ ናቸው። በመኪናዋ ዙሪያ ሰው እንዳይጠጋ ድንጋይ ደረደሩ፤ ሰፈሩም ይህን አይቶ፣ «ክበብ ሠራ፣ አሁን ደግሞ ሰው ሊበላ ነው» አለ። ልጅ ሲመጣ «ሃ ታባን!» ይላሉ በሶማልኛ፣ አትንካ ማለት ነው፤ በአፋርኛ፣ በፈረንሳይኛ፣ በዓረብኛ ይደግሙታል። ፍየል ሲመጣ በአማርኛ ይሰድባሉ። ልጆቹ ከሩቅ ጠጠር ይወረውሩባቸው ነበር። አንዱም መኪናዋን አልነካም። መንገዱን ተሻግረው፣ በማዶ በኩል፣ ሽማግሌውን ሸሽተው ይሄዱ ነበር። ያ የኔ ቀልድ ለአንድ ነገር የጠቀመው ያኔ ብቻ ነው።

በመጀመሪያው ቀን ውሃ ወሰድኩላቸው። በሁለተኛው ቀን በርጫ ላይ፣ «ደብተራው የመኪና ዘበኛ ሆኖ ተቀጥሯል» ብዬ አሳቅሁ። በሦስተኛው ቀን ወደብ ነበርኩ። ቀትር ላይ ካርቶናቸው ላይ በጎናቸው ተጋድመው ተገኙ። ተኝተዋል ብለው አንድ ሰዓት ያህል ማንም አልቀረባቸውም፤ ሊነካቸው የደፈረ አልነበረም። በመጨረሻ ታክሲ ጠርተው ሐኪም ቤት ያደረሷቸው በዚያ ሲያልፉ ያዩአቸው ሐጂ ዩሱፍ ናቸው። ፀሐይ ነው ያለው ሐኪሙ። ሐኪም ቤት በገቡ በሁለተኛው ቀን አረፉ። ዕድሜ ልካቸውን ሲፋለሙት የኖሩት ኤሌክትሪክ አልገደላቸውም።

ከቀብሩ መልስ የዕድራችን ጸሐፊ ዕቃቸውን የሚረከብ ጠየቀ። አከራያቸው የወተት ቆርቆሮውን በመጥረጊያ እንጨት ገፍታ ከደጃፍ አውጥታዋለች። እኔ አነሣሁት። እንደያዝኩት ቀጥታ ሆዳን ሄድኩ። ቀትር ነበር።

እትዬ ውዴ በሩን ከፈተችልኝ። «ነፍሳቸውን ይማር» አለች፤ ወደ ቆርቆሮው አየችና ወደ ኋላ ራቀች። «ምንድን ነው የያዝከው?»

«እትዬ ውዴ፣ ስሚኝ። መተት አልነበረም። ግዕዙም፣ አሜኑም፣ የማይታወቀው ቋንቋም፣ ሁሉንም የፈጠርኩት እኔ ነኝ። በርጫ ላይ። ለሳቅ።»

የከንፈሯ ጠርዝ ተንቀሳቀሰ፤ ከዚያ ሳቋን ለቀቀችው፣ ዓይኗን በነጠላዋ እየጠረገች።

«አንተ መድኃኔዓለም ይይልህ! ሰውዬው አፈሩ ሳይደርቅ በእሱም ልትቀልድ ነው?»

«አልቀለድኩም!»

«ዘንጉንስ ከመሬቴ ያወጣሁት ቀልድ ነው? ፍየሏንስ አንተ ነህ የገደልካት?»

«አዎ።»

ባሰባት። ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች። «ወይኔ ጎኔን! እህቴ ይህን ሳትሰማ ቀረች!»

ትቻት በረንዳው ላይ ወዳለው ሶኬት ሄድኩ። የእጄን ጀርባ ሽፋኑ ላይ አደረግሁ። አባታችን ሆይ ብዬ ጀመርኩ፣ ሳልሮጥ፣ እንደሳቸው። «ስምህ ይቀደስ» ላይ ስደርስ ቆዳዬ መጮህ ጀመረ፤ «መንግሥትህ ትምጣ»ን አልጨረስኳትም። ሽፋኑ ጠርዙ ላይ ቡናማ ሆኖ ቀልጧል። ሄጄ ከበሩ ጀርባ ዋናውን ማጥፊያ አወረድኩት። ኤሲው ዝም አለ። «ካጠፋህ በኋላም እንዳላጠፋህ ቁጠረው» ይሉ ነበርና ተመልሼ መሰኪያውን ነቀልኩ፤ ከዚያ የሳቸውን ፒንሳ አውጥቼ የቻርጀሩን ገመድ ሁለት ቦታ ቆረጥኩት። ሶኬቱንም ፈትቼ ሽቦዎቹን በናስትሮ ጠቀለልኩ። ያቺን ቁራጭ ሽቦ ይዣት ወጣሁ።

እትዬ ውዴ ያን ጊዜ ሳቋን አቆመች። ስጮህባት ያላመነችኝ ሴት ፒንሳውን ስታይ አመነች፤ ያመነችው ግን ሌላ ነገር ነው። አማተበች። «ገባበት» አለች። «እናቴ ድረሽ፣ የሰውዬው መንፈስ ገባበት!» እስከ መንገዱ ድረስ ጠበል እየረጨች አባረረችኝ።

አሁን ሥራ የለኝም ብል ትንሽ ማጋነን ነው፤ የእትዬ ውዴና የዘመዶቿ ግን ቀርቷል። በርጫ ላይ ስገባ ጨዋታ ይቆማል። መኪና የገዛ ሰው ሳገኝ «ቴር አላችሁ?» እላለሁ፤ ይስቁና መንገዱን ይሻገራሉ። ትናንት ሐጂ ዩሱፍ ሱቅ ሄጄ ስለ አንድ ሶኬት ስነግራቸው በከተማው የሚወራውን አጫወቱኝ። ደብተራው ሲሞት መተቱን ለቀልደኛው አውርሶት፣ ቀልደኛው ቀትር ቀትር ላይ ወደ መቃብሩ እየሄደ ቆርቆሮ ሙሉ ጨው ይቀበላል ይባላል። አንዱ በዓይኔ አየሁት ብሏል።

ሐጂ አልሳቁም፤ እኔም አልሳቅሁም። ጥሩ ቀልድ ነው ግን። እኔ ራሴ ባወራው ከዚህ የተሻለ አልፈጥርም ነበር።